ቂሊንጦ ሥራ አገኘሁ፤ ቤት የት ልያዝ?

ጥያቄ፦ «24 ዓመቴ ነው። በኬሚስትሪ ተመርቄ በትውልድ ከተማዬ በደብረ ማርቆስ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የላብራቶሪ ረዳት ሆኜ ሁለት ዓመት ሠራሁ። አሁን ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ በሚገኝ የመድኃኒት ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ክፍል ተቀጥሬ ሐምሌ 1 ሥራ እጀምራለሁ። ደመወዙ 14,000 ብር ነው፤ ሰርቪስም አለው ተብያለሁ። አዲስ አበባን የማውቃት ለፈተና መጥቼ ሁለት ሌሊት ባደርኩባት ብቻ ነው። አጎቴ ሽሮ ሜዳ ይኖራሉ፤ ‹እኔ እያለሁ ምን ኪራይ አስፈለገሽ?› ይላሉ። ጓደኞቼ ደግሞ ‹ዘመድ ቤት ከገባሽ መውጫ የለሽም፤ ከመሄድሽ በፊት የራስሽን ቤት ያዢ› ይሉኛል። አንድ ደላላ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ቤት በ7,000 ብር አግኝቶልኛል፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ በዚህ ሳምንት ካልላክሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ ብሎኛል። ያጠራቀምኩት 38,000 ብር ነው፤ የጎደለውን ወንድሜ ይሞላልኛል። ልላክ? በመጀመሪያዎቹ ቀናትስ ምን ላስቀድም?»

ምላሽ፦ ገንዘቡን አትላኪ። ቤቱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ደላላውም ታማኝ ሰው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንቺ እስካሁን የማታውቂው ነገር ቤቱን አይደለም፤ መንገዱን ነው። በከተማ ዳር ሥራ የያዘ ሰው ኑሮው የሚበላሸውም የሚቃናውም በመንገድ ነው። መንገዱን ሳታውቂ ቤት መያዝ የእግርሽን ቁጥር ሳታውቂ ጫማ እንደ መግዛት ነው።

በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በሚገኙ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል አስተዳደር ስሠራ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ከክፍለ ሀገር መጥተው የሙከራ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ የወጡ ብዙ ወጣቶችን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራው ከብዷቸው የወጡት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ደክመው ነው የወጡት፤ ያደከማቸውም ከቤት እስከ ፋብሪካ ያለው መንገድ ነው።

አንዷን እስከ ዛሬ አልረሳትም። ከወሎ የመጣች የላብራቶሪ ባለሙያ ነበረች፤ በትምህርቷም በእጇም ጎበዝ። እህቷ አዲሱ ገበያ ትኖር ስለነበር እዚያ አረፈች። የት እንደምትኖር ስጠይቃት ነገረችኝ፤ እኔም «ዘመድ ካለሽማ ምን ችግር አለ» ብዬ አለፍኩ። ሰርቪሳችን ሳሪስ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ያልፋል። እርሷ እዚያ ለመድረስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሥታ፣ ከአዲሱ ገበያ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ለገሃር፣ ከለገሃር ሳሪስ ሦስት ታክሲ ትይዝ ነበር። ማታ ቤቷ የምትገባው 2 ሰዓት አልፎ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ወደ ላብራቶሪው ገባሁ፤ በጠረጴዛው ላይ የናሙና ጠርሙሶች ተደርድረዋል፣ እርሷ ቆማ እየጻፈች ነው፣ ዓይኗ ግን ተከድኗል። በዚያው ሳምንት የሁለት ናሙናዎች መለያ ተለዋውጦ ተገኘ። መድኃኒት ላይ እንዲህ ያለ ስህተት ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ሥራዋን አጣች። ያን ቀን «ምን ችግር አለ» ያልኩት ቃል ዛሬም ይቆጠቁጠኛል፤ ለአንቺ በዝርዝር የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

በጥያቄሽ ውስጥ መታረም ያለባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ከደመወዙ ልጀምር። በቅጥር ደብዳቤሽ ላይ የተጻፈው 14,000 ብር እጅሽ የሚገባው ገንዘብ አይደለም። ከ2018 የበጀት ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በሚሠራበት የገቢ ግብር ማሻሻያ መሠረት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው በየደረጃው ከ15 በመቶ ጀምሮ ይቆረጥበታል። በ14,000 ብር ላይ ግብሩ 2,850 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮሽ 7 በመቶ፣ ማለትም 980 ብር ነው። አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ከራሱ ኪስ የሚወጣ ስለሆነ ከአንቺ አይቀነስም። ስለዚህ የሚደርስሽ 10,170 ብር ነው። 7,000 ብር ለቤት ከከፈልሽ ለምግብ፣ ለትራንስፖርት፣ ለስልክ፣ ለመብራትና ለውኃ የሚቀርሽ 3,170 ብር ብቻ ነው። ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ሠርተሽ ለወንድምሽም አሳይው፤ የሚሞላልሽ ጉድለት የአንድ ጊዜ እንዳልሆነ ያያል። ፋብሪካው የትራንስፖርት ወይም የምግብ አበል ካለው ደግሞ መጠኑን ጠይቂና ጨምሪበት። በደብዳቤው ላይ ያልሰፈረውን ግን እንዳለ አድርገሽ አትቁጠሪ።

ሁለተኛው የሙከራ ጊዜ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍ መሆንም አለበት። በሳምንት ስድስት ቀን ከተሠራ አሥር ሳምንት ገደማ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪውም ሆነ አንቺ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ ትችላላችሁ። እንግዲህ አስቢው፤ ሥራሽ ገና ለአሥር ሳምንት እንኳ ዋስትና ሳይኖረው ቤትሽን ለስድስት ወር ከፍለሽ ልታስሪው ነው። ይህ ነገር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው፤ የቅጥር ደብዳቤ እጅ ሲገባ ሥራው የተረጋገጠ ይመስላል። እኔ እንደሚሳካልሽ አምናለሁ፤ ሆኖም ገንዘብሽን በእምነት ላይ አታስቀምጪ።

ሦስተኛው ራሱ የስድስት ወሩ ክፍያ ነው። ደላላው የጠየቀሽ በሕግ የተከለከለ ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በ30 ቀናት ውስጥ ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ፣ በተግባር ወረዳ ላይ ማለት ነው፣ መመዝገብ አለበት፤ ዝቅተኛው ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፤ ኪራዩም የሚከፈለው በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። አከራዩ በፈለገ ጊዜ ዋጋ መጨመርም አይችልም። በተግባር ብዙ አከራይና ደላላ ይህን አዋጅ እንዳልሰማ ሆኖ ይደራደራል፤ የተከራይ ችግር እየባሰ ሲሄድም ተከራዩ ራሱ እያወቀ እሺ ይላል። ሕጉ መኖሩ ብቻውን ቤት አያስገኝልሽም። ነገር ግን ስድስት ወር የሚጠይቅሽ ሰው የመጀመሪያውን ሕግ ገና ሳትገናኙ እየጣሰ እንደሆነ እወቂ። ቤቱን ሳታዪ፣ ባለቤቱን ሳታናግሪ፣ በደላላው የግል ሒሳብ ገንዘብ መላክ ደግሞ የባሰ ነው። በዚህ መንገድ ልከው በቀረባቸው ገንዘብ ያለቀሱ ሠራተኞች ቢሮዬ ድረስ መጥተው ያውቃሉ፤ ላስመልስላቸው አልቻልኩም።

አሁን ወደ አጎትሽ። ጓደኞችሽ ዘመድ ቤት ከገባሽ አትወጪም ያሉሽ ልክ አይደለም፤ አጎትሽም ኪራይ ምን ያደርግልሻል ያሉሽ ልክ አይደለም። ሽሮ ሜዳ በእንጦጦ ግርጌ ያለ የከተማዋ ሰሜናዊ ጫፍ ነው፤ ቂሊንጦ ደቡባዊ ጫፍ ነው። በመካከላቸው ያለው መላው አዲስ አበባ ነው። ቀላል ባቡሩም መፍትሔ አይሆንሽም፤ ወደ ደቡብ የሚሄደው መስመር ቃሊቲ ላይ ያበቃል እንጂ ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ አይደርስም። «ሰርቪስ አለው» የሚለውን ቃልም በትክክል ተረጂው። ሰርቪስ የራሱ መስመር፣ የራሱ ማቆሚያና የራሱ ደቂቃ ያለው መኪና ነው። በራፍሽ ድረስ አይመጣም፤ ወደ ሰሜን የሚዘልቅ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሰርቪስም እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ሆነሽ መሥራት ማለት ያቺ የወሎ ልጅ የኖረችውን ኑሮ መድገም ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት ስለ ማርፈድሽ በጽሑፍ እየተነገረሽ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ብቻ ያለ ስንብት ማስጠንቀቂያ ለመሰናበት ምክንያት ይሆናል። በሙከራ ጊዜ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ አጎትሽ ለአንቺ ትልቅ ሀብት ናቸው። ከአጎትሽ የምትፈልጊው አልጋ ሳይሆን ዋስ ነው። ብዙ ፋብሪካ፣ በተለይ መድኃኒትና ገንዘብ የሚነካ የሥራ መደብ ላይ፣ ቋሚ ደመወዝ ያለው ዋስ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ጋር እንድታቀርቢ ይጠይቅሻል። ለከተማው አዲስ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚንከራተተው በዚህ ነው። አጎትሽ በሥራ ላይ ካሉ ደብዳቤውን አስቀድመው እንዲያወጡልሽ ለምኚያቸው። ጡረታ ከወጡም ዋስ የሚሆን ሰው የሚያገኙት እርሳቸው ናቸው፤ የእድር ጓደኛ፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት። አንቺ በሦስት ሳምንት የማታገኚውን እርሳቸው በአንድ ማታ ያገኙታል። የዘመድ ጥቅሙ ይህ ነው።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? ከመምጣትሽ በፊት፣ በስልክ፣ በግልጽ። «አጎቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ፋብሪካው ከእናንተ ቤት በጣም ስለሚርቅ በሥራ ቀን እዚያው አቅራቢያ እሆናለሁ፤ እሑድ ግን ቤታችሁ ቤቴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናትም እናንተ ዘንድ አርፋለሁ» በያቸው። ይህን ከገባሽ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ብትነግሪያቸው ምን አጎደልንባት ብለው ያዝናሉ፤ ሚስታቸው አንድ ክፉ ነገር ያሰማችሽ እስኪመስላቸው ድረስም ይጨነቃሉ። አስቀድመሽ ካልሻቸው ግን ቅር አይላቸውም። ከጎጃም የሚመጣው መንገድ በሱሉልታ በኩል ወርዶ በዚያው በሰሜኑ በኩል ስለሚገባ የመጀመሪያ ሌሊትሽን እርሳቸው ጋር ማሳለፍሽ ለጉዞሽም የተመቸ ነው።

ከሐምሌ 1 ቢያንስ ስድስት ቀን ቀድመሽ ግቢ። ብዙዎች ከደመወዝ በፊት የሚወጣ ወጪ ለመቀነስ በዋዜማው ይመጣሉ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ፈቃድ እየጠየቁ ወረቀት ያሟላሉ። አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንት ፈቃድ ሲጠይቅ ኃላፊው የሚያስበውን አውቀዋለሁ፤ እኔም አስቤዋለሁ። ስለ ወረቀቱ ብዙ አላስረዝምም። ፋይዳ ከሌለሽ ከደብረ ማርቆስ ሳትወጪ ተመዝገቢ፤ የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ይጠየቃል። የትምህርት ማስረጃሽን ዋናውንና ቅጂውን፣ ከትምህርት ቤቱ የሥራ ልምድና መልቀቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርሽን፣ ካለሽም የጡረታ ቁጥርሽን ያዢ። ከወረዳሽ መሸኛ አውጥተሽ በቦርሳሽ አስቀምጪ፤ የአዲስ አበባ መታወቂያ የመጀመሪያ ወር ጉዳይ ስላልሆነ አትጨነቂበት፤ መሸኛ ለማምጣት ተመልሶ መሄድ ግን አንድ ደመወዝ ይበላል።

ከገባሽ በኋላ፣ ሥራ ሳትጀምሪ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባለው በአንዱ ቀን አንድ ነገር አድርጊ። ከአጎትሽ ቤት ሳይሆን፣ ልትኖሪበት ከምታስቢው ሰፈር ተነሥተሽ፣ ሥራ በምትሄጂበት ሰዓት ወደ ፋብሪካው ሂጂ። እሑድ በ5 ሰዓት ተሂዶ የታየ መንገድ ምንም አይነግርም። ማልደሽ በ12 ሰዓት ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ብትቆሚ የምታዪው ሌላ ከተማ ነው። የታክሲው ሰልፍ እንደ ገመድ ተዘርግቷል፤ ሃይገሩ ሞልቶ ያልፋል፤ ረዳቱ ከበሩ ላይ እየተንጠለጠለ የማይሄድበትን ሰፈር ስም ሳይቀር ይጣራል፤ ተማሪው፣ የቀን ሠራተኛው፣ የፋብሪካ ሠራተኛው አንድ ላይ ይጠብቃል። እዚያ ላይ ሰዓትሽን ያዢ። ከቤት በር እስከ አስፋልት ስንት ደቂቃ ነው? በሰልፍ ስንት ደቂቃ ቆምሽ? በመኪና ውስጥስ? ከወረድሽበት እስከ ፋብሪካው በር በእግር ስንት ነው? የአራቱን ድምር ጽፈሽ ያዢ። በክረምት ላይ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ጨምሪበት። ድምሩ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ያ ቤት፣ ምንም ያህል ብርሃን ቢገባው፣ ለአንቺ አይሆንም።

ስለ ክረምቱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ከደብረ ማርቆስ ለሚመጣ ሰው ብርዱ አዲስ ነገር አይደለም። ጭቃው ግን ይለያል። አቃቂና አካባቢው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲዘንብ ያብጣል፣ ከጫማ ጋር ሲጣበቅ እግርሽን እንደ ጡብ ያከብደዋል። በብዙ አዳዲስ ሰፈሮች ከሕንፃው እስከ አስፋልት ያለው መንገድ ገና አልተነጠፈም። በሐምሌና በነሐሴ ማለዳ በፋብሪካችን በር ላይ ሴቶቹ ቦቲ ጫማቸውን አውልቀው ከፌስታል ውስጥ ንጹሑን ጫማ ሲያወጡ፣ የጥበቃው ሠራተኛም ለእግር መታጠቢያ ውኃ በጀሪካን ሲያቀርብላቸው ሁልጊዜ አያለሁ። ቤት ስታዪ በዝናብ ቀን እዪ። አከራዩ «ዛሬ ዘንቧል፣ ነገ ነይ» ካለሽ ዛሬውኑ ሂጂ። አንድ ቦቲ ጫማ ግዢ፤ ከምትገዢው ዕቃ ሁሉ ቀዳሚው ይሁን።

ታዲያ የት ትኖሪያለሽ? ምክሬ ይህ ነው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቤት አትከራዪ፤ ደባል ሁኚ። ፋብሪካው ውስጥ ከአንቺ ቀድማ የገባች፣ ቂሊንጦ ወይም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤት የያዘች፣ ኪራዩን የሚጋራት ሰው የምትፈልግ ሴት አትጠፋም። ይህን የምታገኚው በደላላ አይደለም፤ በሰው ኃይል ክፍሉ በኩል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሰርቪሱ ሾፌር በኩል ነው። ሾፌሩ ማን የት እንደሚሳፈር፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ደባሉ እንደወጣበት ያውቃል። በ7,000 ብር ቤት ግማሹ 3,500 ነው፤ የሁለት ወሩ 7,000 ነው። ከ38,000ው ላይ ይህን ብትከፍዪ፣ ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ አንድ ምድጃና ሁለት ድስት ብትገዢ፣ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ደመወዝ ሳይደርስሽ ብትኖሪ እንኳ ገንዘብ ይተርፍሻል፤ ወንድምሽንም ብድር አታስገቢም። አልጋና ቁም ሣጥን አትግዢ። ከሁለት ወር በኋላ የት እንደምትኖሪ ስታውቂ ትገዢዋለሽ፤ እስከዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ አራተኛ ፎቅ የሚወርድ ዕቃ አታብዢ፤ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ብዙ ነው።

ደባል እስክታገኚ ድረስ ጥቂት ቀን ካስፈለገሽ በአቃቂ ወይም በቃሊቲ ፔንሲዮን ውስጥ እደሪ። ከሽሮ ሜዳ ለመመላለስ ከምታወጪው ድካም ይሻላል። ብቻ የመጀመሪያው ሳምንት ማታ ስትወጪ በየት እንደምትመለሺ አስቀድመሽ እወቂ፤ ፋብሪካው በፈረቃ የሚሠራ ከሆነ ከማታ ፈረቃ የሚወጡ ሠራተኞች በምን እንደሚሄዱ ጠይቂ። ጨለማ ላይ ከአስፋልት እስከ ሕንፃው ያለውን መንገድ ብቻሽን አትሂጂ፤ ከሰርቪስ አብራሽ የምትወርድ አንዲት ሰው ካገኘሽ ያ ሰፈር ከሌላው ይመረጣል።

ሁለቱ ወር አልፎ የራስሽን ቤት ስትፈልጊ፣ ያን ጊዜ ውሉን በጥንቃቄ ያዢ። ባለቤቱን በአካል አግኚ፤ የቤቱን ማስረጃና መታወቂያውን አስተያይተሽ እዪ። በከተማ ዳር ብዙው ኮንዶሚኒየም ባለቤቱ ውጭ አገር ያለ ወይም ሌላ ሰፈር የሚኖር ነው፤ የሚያከራይሽ ወኪል ከሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና ይኑረው፤ ውክልናው ማከራየትን ይጨምር እንደሆነም አንብቢ። ሌላው በዳር ብቻ የሚያጋጥም ነገር ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል ከተደረገው የወሰን ማካለል በኋላ በኮዬ ፈጬ በኩል ወደ ኦሮሚያ የተካለሉ ኮንዶሚኒየሞች አሉ፤ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ቤቱ እዚያ ከሆነ ውልሽን የምታስመዘግቢው፣ ነዋሪነትሽም የሚጠየቀው በዚያ ነው፤ የመሥሪያ ቤቶቹ የሥራ ቋንቋም አፋን ኦሮሞ ነው። ይህ ለመኖር አንዳች እንቅፋት አይሆንም፤ ጎረቤቶችሽ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይናገራሉ። «አካም ጅርታ?» ብለሽ ሰላምታ መስጠት በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪ። ብቻ «ወረዳው የት ነው?» ብለሽ ሳትጠይቂ አትፈርሚ።

ስለ ውኃ ለአከራዩ ጥያቄ አታቅርቢ፤ «ሁልጊዜ አለ» ይልሻል። ሕንፃው ሥር ጉሊት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት የምትሸጠውን እናት ጠይቂ። ውኃ በፈረቃ የሚመጣው በየትኛው ቀን እንደሆነ፣ በስንተኛው ፎቅ ላይ ግፊቱ እንደሚያልቅ፣ ትራንስፎርመሩ መቼ እንደተቃጠለ፣ የትኛው ብሎክ ጥበቃ እንደሌለው ትነግርሻለች። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ገዝተሽ ጠይቂያት። እኔ ራሴ አሁን የምኖርበትን ብሎክ የመረጥኩት በእንዲህ ያለች እናት ምክር ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ አልተቆጨሁም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። በክረምት መብራት ሲጠፋ ከሰል አቀጣጥሎ ወደ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። በርና መስኮት ዘግተሽ ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ በፍጹም አትተኚ። ጭስ ባይታይም የሚገድል ጋዝ አለው፤ ጋዙም ሽታ የለውም። የኬሚስትሪ ተመራቂ ስለሆንሽ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታስረጂያለሽ፤ ደባልሽንም አስረጂያት።

የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ላይ ደግሞ የቅጥር ውልሽን ቅጂ ጠይቂ። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ሊሰጥሽ ይገባል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ነው፤ ከዚያ በላይ ከሠራሽ በቀን ቢያንስ አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ደግሞ አንድ ከሦስት አራተኛ እጥፍ ይከፈልሻል። ይህን በማወቅሽ ማንም አይጠላሽም፤ በመጀመሪያው ቀን በክርክር መልክ ሳይሆን በጥያቄ መልክ አንሺው እንጂ።

ጓደኞችሽ «አዲስ አበባ ሰው ለሰው አይተያይም» ብለውሽም ከሆነ፣ ስለ ዳሩ ይህ እውነት አይደለም። ቱሉ ዲምቱም፣ ኮዬም፣ ቂሊንጦም የሚኖረው አብዛኛው ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ አንዳንዱ ከከተማው መሃል በዕጣ ቤት ደርሶት፣ አንዳንዱ እንደ አንቺ ለሥራ። ሁሉም ጎረቤት የሚፈልግበት ሰፈር ነው። ሆኖም በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል አንድ ከባድ ቀን ይመጣብሻል፤ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ድካሙ ይወርዳል፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል፣ የእናትሽ ድምፅ በስልክ ሲሰማሽ እንባሽ ይመጣል፤ ዕቃሽን ሸክፈሽ መመለስ ትፈልጊያለሽ። በዚያ ቀን ምንም ውሳኔ አትወስኚ። ወደ ሽሮ ሜዳ ሂጂ፤ ቡና ጠጪ፤ ሰኞ ማለዳ ተመለሺ። ከእናትሽ የተላከውን ድርቆሽና በሶ ግማሹን ለአጎትሽ ቤት፣ ግማሹን ለደባልሽ ስጪ።

ዛሬ የምታደርጊው ሁለት ስልክ ነው። ለደላላው፦ «ቤቱን በአካል ሳላይ፣ ባለቤቱን ሳላገኝ አልከፍልም፤ ቅድሚያውም ከሁለት ወር አይበልጥም» በዪውና ዝጊ። ለሌላ ሰው ቢሰጠው ይስጠው። ቀጥለሽ ወደ ፋብሪካው ሰው ኃይል ክፍል ደውዪ፤ ሰርቪሱ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የመጨረሻው ተሳፋሪ የት እንደሚሳፈርና በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ዋስ ይጠየቅ እንደሆነ፣ ደባል የምትፈልግ ሠራተኛ ታውቁ እንደሆነ ጠይቂያቸው፤ የሾፌሩንም ስልክ ቁጥር ተቀበዪ።